አርባ ልጆችና የእኛ ልጆች

መጀመሪያ ቡርጅ ሐሙድ የመጣሁ እሁድ የሱቆቹን ጽሑፍ ከሩቅ ሳየው አማርኛ መሰለኝና ደስ ብሎኝ ሮጥኩ። ጠጋ ብዬ ላነብ ብሞክር አንዱም ፊደል አልነበብ አለኝ። ለካ አርመንኛ ነው። ከእናንተም እንደኔ የተሸወዳችሁ አትጠፉም። የአርመንን ፊደል በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የቀረጸው ሜስሮፕ ማሽቶትስ የግዕዝን ፊደል አይቶ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ አይደለም የሚሉም አሉ። ክርክሩን ለእነሱ ልተወው።

አምና ታናሽ ወንድሜ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። እዚሁ ቤይሩት የተወለደ የ9 ዓመት ልጅ ነው። «ይሄ የእኛ ጽሑፍ ነው?» አለኝ በዓረብኛ። «አይደለም፣ የአርመኖች ነው» አልኩት። «እነሱስ አገራቸው የት ነው? እዚህ ማን አመጣቸው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤታችንን ያከራዩን አሮጊት አርመን ስለሆኑ እሳቸውን ጠየቅኩ። እሳቸው የጀመሩልኝን እኔ እየጠየቅኩና እያነበብኩ ቀጠልኩት። ትምህርቴ እስከ አስረኛ ክፍል ነው፤ የታሪክ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ያገኘሁት ታሪክ የእኛን ልጆች ጉዳይ የሚነካ ሆኖ ስላገኘሁት ለእህቶቼ ላካፍል ብዬ ጻፍኩ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

ሰፈሩ የልጆች ሰፈር ነበር

በ1915 የኦቶማን ቱርክ መንግሥት አርመኖችን ከየከተማቸው እያስወጣ ወደ ሶርያ በረሃ ነዳቸው። ወንዶቹ ብዙዎቹ መንገድ ሳይጀምሩ ተገደሉ። ሴቶችና ልጆች በእግራቸው እስከ ዴር ዞር ድረስ ሲጓዙ በረሃብ፣ በበሽታና በግድያ አለቁ። ከሞት የተረፉት ልጆች እናትና አባት የሌላቸው ሆኑ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ፈረንሳይ ኪሊክያ ከሚባለው አገር በ1921 ስትወጣ የቀሩት አርመኖች እንደገና ተሰደዱ። በ1922 ደግሞ «ኒር ኢስት ሪሊፍ» የሚባለው የአሜሪካ እርዳታ ድርጅት ከቱርክ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወላጅ አልባ ልጆችን አውጥቶ ወደ ሶርያ፣ ወደ ሊባኖስና ወደ ግሪክ አመጣ።

ቤይሩት የገቡት ስደተኞች መጀመሪያ የሰፈሩት ወደቡ አጠገብ ካራንቲና ነው። ድንኳን፣ እንጨትና ቆርቆሮ ነበር ቤታቸው። ከዚያ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ከወንዙ ማዶ መሬት እየገዙ ቡርጅ ሐሙድን ሠሩ። መንደሮቹን ሲሰይሙ ባጡት ከተማ ስም ሰየሙ፤ ኖር ማራሽ፣ ኖር አዳና፣ ኖር ሲስ። «ኖር» ማለት አዲስ ማለት ነው። አዲስ ማራሽ፣ አዲስ አዳና እንደማለት። እኛ በየቀኑ ዕቃ ተሸክመን የምናልፍባቸው ጠባብ መንገዶች እነዚህ ናቸው።

ልጆቹ ሊባኖስ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር ነው ያጋጠማቸው። አንደኛው አንቱራ ነው። ጁኒየ አካባቢ ያለ መንደር ነው፤ እዚያ ባለው የካቶሊክ ኮሌጅ ውስጥ ጀማል ፓሻ በጦርነቱ ጊዜ ወደ 1,000 የሚጠጉ ልጆችን ሰብስቦ ቱርክ ሊያደርጋቸው ሞከረ። ስማቸውን ለውጦ የቱርክ ስም ሰጣቸው፣ ቋንቋቸውን ከለከላቸው። ብዙዎቹ እዚያው ሞቱ። ከተረፉት አንዱ ካርኒግ ፓንያን ነበር፤ ትንሽ ልጅ ሆኖ ገብቶ፣ አድጎ እዚሁ ቤይሩት የአርመን ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ፣ ያየውንም መጽሐፍ አድርጎ ጻፈው።

የስሙን ነገር ስሰማ ወዲያው ገባኝ። እኔ ራሴ መጀመሪያ በገባሁበት ቤት ማዳሟ «ስምሽ ይከብደኛል» ብላ ሌላ ስም አወጣችልኝ። ሁለት ዓመት በዚያ ስም ተጠራሁ። ከሞት ጋር አላወዳድረውም፣ እግዜር ይጠብቀኝ። ግን ስም ሲወሰድ ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ጋዚር ነው። ከጁኒየ በላይ፣ ተራራው ላይ። እዚያ በኒር ኢስት ሪሊፍ ማሳደጊያ ውስጥ የነበሩ 400 ያህል ሴቶች ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ ቋጠሮ ያለው ትልቅ ምንጣፍ ሠሩ። በ1925 ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለካልቪን ኩሊጅ ተሰጠ። ጋዚርና ጁኒየ ውስጥ ከእኛ ስንቷ አለች ምንጣፍ እያራገፈች! ከመቶ ዓመት በፊት እዚያው ተራራ ላይ ሌሎች ሴቶች ልጆች ያንን ቋጠሮ በጣታቸው ይቋጥሩ እንደነበር አላወቅንም።

የአከራያችን እናት ከእነዚያ ወላጅ አልባ ልጆች አንዷ ነበረች። ከማራሽ ነው የመጣችው። ስትመጣ የምታውቀው ቱርክኛ ብቻ ነበር፤ ከኪሊክያ የመጡት ብዙዎቹ እንደዚያ ነበሩ። አርመንኛ የተማረችው ሊባኖስ ውስጥ፣ በማሳደጊያውና በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ነው። ይሄንን ሁለቴ አንብቡት፦ የራሷን ቋንቋ የተማረችው በስደት አገር ነው። በዚያ ዘመን የአርመን ጋዜጦች «ዘመድ ፍለጋ» የሚል ዓምድ ነበራቸው። የአባት ስም፣ የመንደር ስም፣ የት ቦታ እንደተለያዩ ይጻፍበታል። አክስቷን ሐለብ ያገኘቻት በዚህ ነው። «ሲገናኙ ምን አሉ?» ብዬ አሮጊቷን ጠየቅኳቸው። «እናቴ አክስቷን አላወቀቻትም። ሦስት ቀን ጠረጴዛ ሥር ተደበቀች» አሉኝ።

አርባዎቹ

አሁን ወደ አገራችን ልመልሳችሁ። በ1924 ራስ ተፈሪ መኮንን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሆኑት፣ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በኢየሩሳሌም አለፉ። እዚያ የአርመኖች ገዳም ውስጥ ከእልቂቱ የተረፉ ልጆች ይኖሩ ነበር፤ ሙዚቃም ይጫወቱ ነበር። የእኛና የአርመን ቤተ ክርስቲያን በእምነት እህትማማች ናቸው፤ በኢየሩሳሌምም ለረጅም ዘመን ጎረቤት ሆነው ኖረዋል። ራስ ተፈሪ ልጆቹን አይተው አዘኑ፣ ሙዚቃቸውም ደስ አላቸው፤ ከፓትርያርኩ ፈቃድ አግኝተው አርባ ወንዶች ልጆችን ወደ ኢትዮጵያ አስመጡ። አዲስ አበባ የገቡት በሴፕቴምበር 6 ቀን 1924 ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 1 ቀን 1916። አዲስ ዓመት ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው።

ስማቸው «አርባ ልጆች» ተባለ። አርመኖቹም ዛሬ ድረስ በዚሁ በአማርኛ ስማቸው ነው የሚጠሯቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የሚባል አርመን ነበር። የንጉሡ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። በ1930 ንጉሡ ሲነግሡ የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር፣ «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚለውን፣ ዜማውን የደረሰው ኬቮርክ ነው። ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። አያቶቻችን ቆመው የዘመሩት ያ መዝሙር ዜማው ከስደተኛ እጅ የወጣ ነው እንግዲህ።

እነዚህ ልጆች አዲስ አበባ ሲገቡ የሚያውቁት ሰው አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ከእነሱ በፊት በምኒልክ ዘመን የመጡ አርመኖች ነበሩ። «የሰርኪስ ባቡር» ሲባል ሰምታችኋል አይደል? ሰርኪስ ቴርዝያን የሚባለው አርመን ለምኒልክ ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ቋንቋቸውን የሚናገር ሰው፣ የሚስሙት ቤተ ክርስቲያን አገኙ። አንዳንዶቹ በኋላ ወደ ሌላ አገር ሄዱ፤ አንዳንዶቹ ግን እዚያው ቀርተው አግብተው ወለዱ።

እኔ ይህን ሳውቅ ኮራሁ፤ ደግሞም ከፋኝ። የኮራሁት አገሬ የሰው ልጅ ተቀብላ ስለነበር ነው። የከፋኝ ደግሞ የእኛ ልጆች በዚያው በአርመኖች ሰፈር እየኖሩ እንደዚያ የሚቀበላቸው በማጣታቸው ነው።

ያው ዓመት፣ አንድ ወረቀት

አርባዎቹ አዲስ አበባ በገቡበት በዚያው ዓመት፣ እንዲያውም ከዚያ አንድ ሳምንት በፊት፣ ሊባኖስ ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ። በሎዛን ውል መሠረት በኦገስት 30 ቀን 1924 ሊባኖስ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የቀድሞ የኦቶማን ዜጎች ሊባኖሳዊ ሆኑ። አርመኖቹ ስደተኞችም በዚሁ ገቡበት። በድንኳን የሚኖር፣ ዳቦ በሰልፍ የሚቀበል ስደተኛ ወረቀት አገኘ። ወረቀት ያለው ሰው መሬት ይገዛል፣ ትምህርት ቤት ይከፍታል፣ ይመርጣል፣ ይመረጣል። አዲስ ማራሽና አዲስ አዳና የተሠሩት በጥረታቸው ብቻ አይደለም፤ በዚያ ወረቀትም ጭምር ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በጃንዋሪ 1925፣ 15 ቁጥር የሚባለው የዜግነት ድንጋጌ ወጣ። ከሊባኖሳዊ አባት የተወለደ ሊባኖሳዊ ነው ይላል። እናት ለልጇ ዜግነት አታወርስም፤ ሊባኖሳዊት ብትሆን እንኳ። ይህ ሕግ መቶ ዓመት ሆነው፤ ዛሬም ይሠራል። በ1946 ደግሞ የሥራ ሕጉ ወጣ፤ 7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አደረገ። ያ አንቀጽ ሲጻፍ ገና እናቶቻችን አልተወለዱም ነበር። እኛ በብዛት መምጣት የጀመርነው የሊባኖስ የርስ በርስ ጦርነት በ1990 ካበቃ፣ አገራችንም ደርግ በ1991 ከወደቀ ወዲህ ነው። መጥተን የገባነው በሁለቱ ሕጎች መካከል ነው። ሠራተኛዋ በከፊል ስም ነው ኢቃማ የምታገኘው፤ ልጅ ይኖራታል ተብሎ አልታሰበም።

ልጅ ግን ይወለዳል። በ2014 ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት አንድ መግለጫ አወጣ፤ ጀነራል ሴኩሪቲ እዚህ የተወለዱ የስደተኛ ሠራተኞች ልጆችን ኢቃማ ማደስ መከልከሉንና አንዳንዶቹን ከአገር ውጡ ማለቱን የሚገልጽ ነው። ከእነዚህ ልጆች ውስጥ ሊባኖስ ተወልደው ትምህርት ቤት የገቡ፣ ሌላ አገር ረግጠው የማያውቁ ነበሩበት። «ወደ አገርህ ሂድ» የተባለው ልጅ አገሩን አያውቀውም።

ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም ኖራችሁበታል። በ2019 ብሩ ወደቀ። በ2020 አሠሪዎች ሴቶቹን ከነሻንጣቸው ሐዝሚየ ቆንስላው በር ላይ እያወረዱ ሄዱ። በኦገስት 4 ወደቡ ፈነዳ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በጣም ከተጎዱት ሰፈሮች አንዱ ያው የድሮው የአርመኖች ድንኳን ሰፈር ካራንቲና ነበር፤ የቡርጅ ሐሙድም መስኮት ረገፈ። በዚያ ዓመት ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በ2024 መጸው ጦርነቱ ሲከፋ ከዳሒየና ከደቡብ የሸሹ እህቶቻችን ለተፈናቃይ በተከፈቱ ትምህርት ቤቶች ቦታ ተከልክለው ኮርኒሽ ላይ ያደሩ ነበሩ፤ ልጅ ያዘሉም ነበሩባቸው።

የእኛ ቤት

የራሳችንን ነገር ሳልናገር ብቀር ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። እናቴ ቤይሩት ስትመጣ እኔ 7 ዓመቴ ነበር። ሐይቅ፣ ወሎ ውስጥ፣ አያቴ ጋ ቀረሁ። አያቴን «እማዬ» ነበር የምላት። እናቴ በስልክ ስትደውል «እትዬ» እላት ነበር፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ሲጠራት ሰምቼ ነው። አስረኛ ክፍል ፈተና ውጤቴ አልሆን ሲል እኔም መጣሁ። 12 ዓመት ሙሉ ያላየኋትን እናቴን ያገኘኋት ኮንትራቴን ጨርሼ ከዚያ ቤት ከወጣሁ በኋላ ነው። ደውራ አደባባይ ቆማ ጠበቀችኝ። እኔ ከፎቶው ወፍራ ነበር የምጠብቃት። እሷ ደግሞ የምትጠብቀው የ7 ዓመት ልጅ ነበር መሰለኝ፤ አጠገቧ ደርሼ አላወቀችኝም። ተቃቅፈን አለቀስን፣ ግን ምን ብዬ እንደምጠራት ጠፍቶኝ ብዙ ቀን ሳልጠራት ኖርኩ። «ስሚ» እያልኩ። ስለዚህ የአሮጊቷ እናት ጠረጴዛ ሥር መደበቅ አይገርመኝም።

ወንድሜን ያየሁትም ያን ቀን ነው። «ይቺ እህትህ ናት» ስትለው እጁን ዘርግቶ እንደ ትልቅ ሰው ጨበጠኝና «አህላን» አለኝ። እሷን «ማማ» ነው የሚላት። እኔ የምፈልገውን ስም እሱ በቀላሉ ይጠራዋል። መጀመሪያ ቀናሁበት፤ እውነቱን ልናገር። በኋላ ስንት ነገር እንደጎደለው ሳይ ቅናቱ ለቀቀኝ።

ወንድሜ ወረቀት የለውም። ሲወለድ የሆስፒታሉ ሂሳብ አልተከፈለም ተብሎ፣ ስሙን የማልጠቅሰው ሆስፒታል የልደት ማስታወቂያውን ያዘባት። ገንዘቡን ከፍላ ስታወጣው ዓመት አልፏል። የእሷም ኢቃማ ተቃጥሎ ስለነበር ሙክታር ጋ ለመሄድ ፈራች። አባቱ አብሮን የለም። አሁን እናቴ «ለእማዬ ልላከው፣ አንቺንም ያሳደገችሽ እሷ ናት» ትላለች። እኔ ደግሞ እምቢ አልኩ። ብዙ ሌሊት ተጣልተናል በዚህ።

እኔ እምቢ ያልኩት አገራችን መጥፎ ስለሆነች አይደለም። ልጁ እዚያ ሲሄድ አዲስ አገር ነው የሚገባው። አማርኛ ይሰማል እንጂ አጥርቶ አይናገርም፤ ማንበብማ ገና ነው። አያቴ አርጅታለች። የማያውቃት ሴት ጋ፣ እናቱ በሌለችበት፣ ያለ አንድ ወረቀት። እኔ ስለያይ ቢያንስ አገሬ ላይ ነበርኩ። እናቴም ብትሆን እውነት አላት፤ እዚህ ቢቀርስ ምን ይሆናል? የመንግሥት ትምህርት ቤት በቅድሚያ የሚወስደው የአገሩን ልጆች ነው፤ ፖሊስ ሲያይ ሮጦ መደበቅ ለምዷል። ልክ የሆነው ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፦ ይሂድም ይቅርም መጀመሪያ ወረቀት ይውጣለት።

በአገራችን ሕግ በኩል መንገዱ ክፍት ነው። ሕገ መንግሥቱም፣ በእኛ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378ም ከሁለቱ ወላጆቹ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው ይላሉ። የአባት ስም ጠፋ ተብሎ ዜግነቱ አይጠፋም። እናት ትበቃለች። የሊባኖስ ሕግ በ1925 ለእናት የነፈጋትን የእኛ ሕግ ሰጥቷታል። ችግሩ መወለዱን የሚመሰክረው ወረቀት ከሊባኖስ መውጣት አለበት። ሆስፒታሉ ወይም አዋላጇ የሰጠችውን ማስታወቂያ ይዞ ሙክታር ጋ መሄድ፣ ከዚያ ኑፉስ ማስመዝገብ፣ ከዚያ ማኅተሙን አስመትቶ ወደ ቆንስላ። ይህ ሁሉ በቀላሉ የሚያልቀው ልጁ አንድ ዓመት ሳይሞላው ነው። ካለፈ ፍርድ ቤት ነው።

እኛ አልፎናል፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት ገባን። ነጻ ጠበቃ የሚያቆም ድርጅት አግኝተን ፋይሉ ተከፍቷል። እናቴ መጀመሪያ ቀን እግሯ እየተንቀጠቀጠ ነው የገባችው። ቀጠሮው ሁለቴ ተዛወረ። ሦስተኛውን እየጠበቅን ነው።

እህቶቼ፣ ከዚህ ታሪክ ለራሴ የያዝኩት ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው የሆስፒታሉን ወረቀት አትልቀቁ፤ ዕዳ ቢኖርባችሁ ማኅበራችሁን ጠይቁ፣ ተዋጥተን እንከፍላለን፣ ዓመቱ ግን አይለፍ። ሁለተኛው ልጆቹን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ያላችሁን ቋንቋ አስተምሩ። የማራሽ ልጆች ቋንቋቸውን ያገኙት እዚሁ ሊባኖስ ነው፤ ያስተማሯቸውም ድሆች ስደተኞች ነበሩ። ወደ አገር ቢመለሱ ይጠቅማቸዋል፣ ቢቀሩም እናታቸውን ይሰማሉ። ሦስተኛው ጻፉ። የአርመኖቹን ታሪክ እኔ ያገኘሁት እነሱ ስለጻፉት ነው፤ ማን የት እንደተወለደ፣ ከማን እንደተለያየ መዝግበዋል። የእኛ ልጆች ከእናታቸው ስልክ ሌላ መዝገብ የላቸውም፤ ስልኩ ደግሞ ይጠፋል።

እሁድ ከሰዓት እኛ ቤት አምስት ልጆች ፊደል ይማራሉ፤ ወንድሜ አንዱ ነው። አሁን «ለ» እና «ሰ» ላይ ደርሷል። መንገድ ስንወጣ የአርመኖቹን ሱቅ እያየ «ይሄ የእኛ አይደለም፣ አወቅኩት» ይለኛል። አሮጊቷ ደግሞ በመስኮት ሆነው ሲሰሙት ይስቃሉ። መማር የሚፈልግ ልጅ ያላችሁ እህቶች ከቤተ ክርስቲያን መልስ አምጧቸው፤ እርሳስ እኛ ጋ አለ፣ ደብተር ብቻ ይዛችሁ ኑ።